አበባማውን ቀሚስ ከመግዛትዎ በፊት

ትልልቅ አበባ፣ ነብርማ ወይም ዝንጉርጉር ቅርጽ የታተመበት ልብስ በሱቅ መስኮት ላይ ዓይን ይስባል፤ ቤት ከገባ በኋላ ግን አንድ ሁለቴ ተለብሶ ተሰቅሎ የሚቀረውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው። ጨርቁ አስቀያሚ ሆኖ አይደለም። አብሮት የሚለበስ ነገር ሳይታሰብ ስለተገዛ ነው። ስለዚህ ደማቅ ልብስ ውድ ወይም ርካሽ የሚሆነው ሻጩ በሚጠራው ዋጋ ብቻ ሳይሆን ስንት ጊዜ በመለበሱ ነው። ሂሳቡን በቀላሉ ይሞክሩት፦ በ900 ብር የተገዛ ቀሚስ ሦስት ጊዜ ብቻ ቢለበስ እያንዳንዱ መልበስ 300 ብር ወጣበት ማለት ነው። በ2,400 ብር የተሰፋ ጉርድ በሁለት ዓመት ውስጥ 60 ጊዜ ቢለበስ ግን እያንዳንዱ 40 ብር ብቻ ያስወጣል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ጨርቅና ልብስ ዋጋው በመናሩ ይህ ስሌት ከቀድሞው ይበልጥ ይከብዳል። ከዚህ በታች ያሉት ሰባት ደረጃዎች የተዘጋጁት በወቅቱ ፋሽን መዋብ የሚፈልግ፣ በጀቱ ግን የተወሰነ ሰው ገንዘቡን ተሰቅሎ በሚቀር ልብስ ላይ እንዳያፈስ ነው።

1. ከሱቅ በፊት ቁም ሣጥንዎን ይክፈቱ

ለዚህ ደረጃ የሚያስፈልግዎ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ልብስ የሚዘረጋበት አልጋና የስልክ ካሜራ ብቻ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት በእርግጥ የለበሷቸውን ባለ አንድ ቀለም ልብሶች ብቻ ያውጡ፤ ሱሪ፣ ጉርድ፣ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ጃኬት፣ ጫማና ቦርሳ። በቀለም በቀለም ሰብስበው ሲያስቀምጧቸው አብዛኛው ልብስዎ በሁለት ወይም በሦስት ቀለም ዙሪያ እንደሚሽከረከር ያያሉ፤ ለምሳሌ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ክሬም፣ ወይም ቡኒ፣ ነጭና አረንጓዴ። እነዚህን ቀለሞች በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሱና ስልክዎ ላይ ያቆዩ። ከዚህ በኋላ የሚገዙት ማንኛውም ህትመት ያለበት ልብስ ከእነዚህ ቀለሞች ቢያንስ ሁለቱን በውስጡ የያዘና አሁን ካለዎት ልብስ ቢያንስ ከሦስቱ ጋር የሚሄድ መሆን አለበት።

ይህ ደረጃ ከሁሉም በላይ የሚጠቅምበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለአዲሱ ልብስ ሲባል ሌላ አዲስ ነገር መግዛት በጀትን የሚያፈርሰው ዋነኛ ስህተት ነው። ቀሚሱ ጫማ ያስገዛል፣ ጫማው ቦርሳ ያስገዛል፤ በመጨረሻ ርካሽ የመሰለው ቀሚስ የሦስት ዕቃ ዋጋ ይዞ ቤት ይገባል። «ያለኝ ሁሉ ጥቁርና ግራጫ ነው፣ ምን ልምረጥ?» የሚል ሰው ሥራው የቀለለት ነው፤ መደቡ ጥቁር የሆነ ህትመት ከሁሉም ልብሱ ጋር ይገጥምለታል። የሚቸገረው ብዙ ደማቅ ነገር፣ ጥቂት ባለ አንድ ቀለም ልብስ ያለው ሰው ነው። እንዲህ ከሆነ በዚህ ወቅት ገንዘብዎን ጥሩ ልክ ባለው ጥቁር ወይም ክሬም ሱሪ ላይ ያውሉት፤ ተሰቅለው የቀሩት አበባማ ልብሶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሕይወት ይዘራባቸዋል።

2. የሚመለሰውን ቅርጽ ከሚያልፈው ቀለም ይለዩ

በየዓመቱ የሚታወጁት የፋሽን ቀለሞች እርስ በርስ አይያያዙም። ፓንቶን የተባለው የቀለም ኩባንያ «የዓመቱ ቀለም» ብሎ የመረጠው እ.ኤ.አ. በ2023 ቀይ የሚያደላበት ደማቅ ማጀንታ፣ በ2024 ለስላሳ የኮክ ቀለም፣ በ2025 ደግሞ ወደ ሞካ ቡና የሚያደላ ቡኒ ነበር። ሦስቱን ተከታትሎ መልበስ የፈለገ ሰው በሦስት ዓመት ሦስት ቁም ሣጥን ያስፈልገዋል። በአንጻሩ ቅርጾቹ ጥቂት ናቸው፤ መመላለሳቸውም የታወቀ ነው። ነብርማ፣ ነጠብጣብ፣ መስመር፣ ካሬና አበባ በየጥቂት ዓመቱ እየወጡ እየገቡ ይኖራሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ነብርማው፣ በ2025 ደግሞ ነጠብጣቡ በየሱቁ ጎልተው ታይተዋል፤ ያረጀ ነጠብጣብ ሸሚዝ ሳትጥል ያቆየች ሴት ምንም ሳታወጣ በፋሽኑ ውስጥ ተገኘች። እንግዲህ ትልቁን ገንዘብ በሚመለሰው ቅርጽ ላይ ያውሉ። የዓመቱን ቀለም ከወደዱት በሻርፕ፣ በፀጉር ማስያዣ ወይም በጆሮ ጌጥ ይያዙት፤ ሲያልፍ ብዙ አይጎዳዎትም።

ህትመት ያለበት ልብስ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገዛ ሰው ከሻርፕ ቢጀምር ይመረጣል። ልክ አይጠይቅም፣ ልብስ ሰፊ አያስፈልገውም፣ ፊት አጠገብ ስለሚውል ትንሽ ጨርቅ ሆኖ ብዙ ይታያል። ወንዶችም ቢሆኑ ህትመት ያለበትን ሸሚዝ ከመግዛታቸው በፊት ቀለሙ ከፊታቸው ጋር መስማማቱን በዚሁ መንገድ ማወቅ ይችላሉ።

ስለ ቅርጹ መጠን የሚነሳው ተቃውሞ የታወቀ ነው፦ «እኔ ወፈር ያልኩ ነኝ፣ ትልቅ አበባና አግድም መስመር ያሰፋኛል።» ስለ አግድም መስመር የሚባለው ጠንካራ ማስረጃ የለውም። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሄልምሆልትዝ እ.ኤ.አ. በ1867 በአግድም መስመሮች የተሞላ አራት ማዕዘን ቁመቱ ከትክክለኛው በልጦ እንደሚታይ ጽፎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ደግሞ በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሴት ምስሎች ላይ ፈትነው አግድም መስመር የለበሰችው ከቁም መስመሩ ይልቅ ሰፍታ እንደማትታይ አሳይተዋል። ከመስመሩ አቅጣጫ ይልቅ ሊያሳስብዎ የሚገባው ትልቁ ቅርጽ ሰውነትዎ ላይ የት እንደሚያርፍና የቀለሞቹ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጮህ ነው። ለዚህ ቀላል ፈተና አለ፦ ልብሱን ለብሰው ከፊትም ከኋላም ፎቶ ይነሱና ፎቶውን በስልክዎ ወደ ጥቁርና ነጭ ይቀይሩት። መጀመሪያ ዓይንዎ ያረፈበት ቦታ የሌላውም ሰው ዓይን የሚያርፍበት ነው። ያ ቦታ እንዲታይ የሚፈልጉት ከሆነ ይግዙት፤ ካልሆነ ያው ጨርቅ በሌላ አቆራረጥ ሊያምርብዎ ይችላል።

3. ወቅቱን በራሳችን ሰማይ ይቁጠሩ

የዓለም ፋሽን የቀን መቁጠሪያ የተሠራው ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ አየር ነው። ስስ አበባማ ቀሚሶች በስፋት የሚሸጡት ከግንቦት እስከ ነሐሴ ነው፤ ያኔ ደግሞ አዲስ አበባ አብዛኛውን ጊዜ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ናት። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ያዩትን ወዲያው መግዛት ማለት እንግዲህ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ እስከ መስከረም ማስቀመጥ ነው። የተሻለው መንገድ መዘግየት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ የሙቀት ወራት ልብስ ዋጋው የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ መደርደሪያው ለብርድ ልብስ ሲለቀቅ ነው፤ በፈረንሳይማ የቅናሽ ወቅቱ በሕግ የተወሰነ ሆኖ በሰኔ ማብቂያ አካባቢ ተጀምሮ ለአራት ሳምንት ይቆያል። በዚያ የቅናሽ ወቅት የተገዛ ቀሚስ አዲስ አበባ ሲደርስ የእኛ ብራ ይጀምራል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦትም ይለበሳል። ውጭ አገር ያለ እህት ወይም ዘመድ «ምን ልላክልሽ?» ሲል ይህን ጊዜ ቢነግሩት ለሁለታችሁም ይጠቅማል። ልክዎን ግን በቁጥር ብቻ አይንገሩት። በአሜሪካ 8 የሚባለው በእንግሊዝ 12 ነው፤ ስለዚህ የደረትዎን፣ የወገብዎንና የዳሌዎን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለክተው ይላኩ። ከሻንጣ የወጣ ልብስ ተመልሶ አይቀየርም።

አገር ውስጥ የሚገዛ ሰው ደግሞ የበዓል ገበያን ማስተዋል አለበት። ከእንቁጣጣሽ፣ ከገና፣ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ሻጩም ልብስ ሰፊውም ይጨናነቃል፤ ዋጋ ለመከራከርም ጨርቅ ለመመርመርም ጊዜ አይኖርም። በዓል ካለፈ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን ገበያው ቀዝቀዝ ይላል። በተጨማሪ ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች በመሆኗ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳና ምሽት ይበርዳል። ሹራብ ወይም ጃኬት ከላይ ሲደረብበት የማያምር ቀሚስ ለእኩለ ቀን ብቻ የሚሆን ቀሚስ ነው፤ ሲሞክሩትም ሹራብዎን ይዘው ይሂዱ።

4. ጨርቁን በዓይን፣ በእጅና በነጭ መሐረብ ይፈትሹ

ህትመት ያለበት ጨርቅ ጉድለቱን በቅርጹ ውስጥ ይደብቃል፤ ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ ላይ ወዲያው የሚታየው ነጠብጣብ፣ መሳሳትና የተጠገነ ቀዳዳ አበባ መሃል አይታይም። ሰልባጅ ሲገዙ ይህ በተለይ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ልብሱን ከሱቁ አምፖል ሥር አውጥተው ወደ በሩ፣ ወደ ቀን ብርሃን ይውሰዱት፤ በአምፖል ክሬም የመሰለ ቀለም ፀሐይ ላይ ቢጫ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በስልክዎ ካነሱት የልብሶችዎ ፎቶ ጋር ያስተያዩት። ቀጥሎ ብርሃን ፊት ወደ ላይ ዘርግተው ብብቱን፣ ክርኑንና መቀመጫውን በጨርቁ ውስጥ አሻግረው ይመልከቱ፤ የሳሳ ቦታ ያን ጊዜ ይጋለጣል።

አሁን ጨርቁን ይገልብጡት። በሁለቱም ገጽ ቀለሙ ተቀራራቢ ከሆነ፣ ለምሳሌ በሰም ዘዴ የሚሠራው የምዕራብ አፍሪካ ጥጥ፣ ቀለሙ ክሩ ውስጥ ዘልቋል ማለት ነው። ጀርባው ነጭ ከሆነ ህትመቱ በአንድ ገጽ ብቻ ነው። ይህ ብቻውን ክፋት የለውም፤ ፖሊስተር በአብዛኛው እንዲህ ሆኖ ቀለሙ ለዓመታት ይቆያል። ነገር ግን ጨርቁን በሁለት እጅ ወጠር ሲያደርጉት ከአበባው መሃል ነጩ ብቅ ካለ፣ ጠባብ ሆኖ ሲለበስ ዳሌና ደረት ላይ የደበዘዘ ይመስላል፤ ለሰፊ ቀሚስ ካልሆነ ይተዉት። ከዚያ ነጭ መሐረብ በውሃ አርሰው በማይታይ ቦታ፣ በእጥፋቱ ውስጥ፣ ደጋግመው ይሹበት። ቀለም ከያዘ ቦርሳዎን፣ ነጠላዎንና የታክሲውን ወንበር ሁሉ ይቀባል። ሻጩ «አንዴ ሲታጠብ ይተወዋል» ሊልዎ ይችላል፤ የሚለቅ ቀለም ሲለቅ ውበቱንም ይዞ ይሄዳልና አይቀበሉት።

ጨርቁ ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር የሚለውን በስሙ አይመኑ። በሜትር የሚሸጥ ከሆነ ከጠርዙ ጥቂት ክር ለምነው ውጭ ላይ፣ ከጨርቅ ራቅ ብለው በክብሪት ይለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ልል አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሠራል። ጥጥ አየር ያስገባል ነገር ግን ይጨማደዳል፤ ፖሊስተር አይጨማደድም ነገር ግን በቀትር ፀሐይ ያፍናል። የትኛውንም መምረጥ ይችላሉ፤ ስህተቱ የጥጥ ዋጋ ከፍሎ ፖሊስተር ይዞ መግባት ነው። ተሰፍቶ በሚሸጥ ልብስ ላይ ደግሞ ጎኑንና ኪሱን ይመልከቱ፤ መስመሩ ወይም አበባው ስፌቱ ላይ ሲገጥም የሰፋው ሰው ጨርቅ ሳይቆጥብ በጥንቃቄ እንደሠራ ያሳያል።

5. ልብስ ሰፊው ጋ በዝግጅት ይሂዱ

«ማሰፋት ከተሰፋው ከመግዛት ይበልጣል» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ በተለይ ገበርና ዚፕ ያለው ጠባብ ቀሚስ ሲሆን። ህትመት ባለው ጨርቅ ግን አቆራረጡ ቀላል ቢሆን ይመረጣል፤ ቅርጹ ራሱ ጌጥ ነው፤ ሽንሽን፣ ዘርፍና ትልቅ ኮሌታ ሲጨመርበት ከቅርጹ ጋር ይጣላል። ቀላል አቆራረጥ ደግሞ የእጅ ዋጋው ዝቅ ያለ ነው። ወርዱ 150 ሴንቲሜትር የሆነ ጨርቅ አንድ ሜትሩ ለብዙ ሴቶች ጉልበት የሚደርስ ቀጥ ያለ ጉርድ ይወጣዋል። የሰም ህትመት ጥጥ ወርዱ 115 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ቁመት ይፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜም የሚሸጠው በስድስት ያርድ፣ ማለትም አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ከእህት ወይም ከጓደኛ ጋር መካፈል ያዋጣል።

ከመለካትዎ በፊት ሁለት ነገር ያረጋግጡ። አበቦቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የቆሙ ከሆነ ጨርቁ ተገልብጦ ሊቆረጥ አይችልም፤ ትልቅ ቅርጽ ከሆነም ጎንና ጎኑን ለማጋጠም ቅርጹ አንዴ የሚደገምበትን ያህል ተጨማሪ ያስፈልጋል። ሻጩ «ይበቃሻል» ያለዎት ባለ አንድ ቀለም ጨርቅ አስቦ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥጥ ከሆነ ሳይቆረጥ አጥበው ያድርቁት። ጥጥ በመጀመሪያ እጥበት ይኮማተራል፤ ተሰፍቶ ከታጠበ ልኩ ይጠፋል፣ ልብስ ሰፊውም ያለጥፋቱ ይወቀሳል።

ልብስ ሰፊው ጋ ሲደርሱ ከስልክ ፎቶ ይልቅ በሚገባ ልክዎ የሆነ አንድ ልብስ ይዘው ይሂዱ። ፎቶው የሌላ ሰው ሰውነት፣ የሌላ ጨርቅ ነው። ጨርቁን ትከሻዎ ላይ ጣል አድርገው ትልቁ አበባ የት እንዲያርፍ እንደሚፈልጉ በጠመኔ ያስምሩ፤ ሳይነገረው የሚቆርጥ ሰው ጨርቅ ለመቆጠብ ስለሚያስብ አበባው አንዱ ጡት ላይ ብቻ ሊያርፍ ይችላል። በጎን በኩል ከሁለት እስከ ሦስት ሴንቲሜትር ትርፍ ስፌት እንዲተውልዎ ይጠይቁ፤ ሰውነት ሲጨምር ልብሱ ይሰፋል እንጂ አይጣልም። ዋጋውንና ቀኑን መቀስ ሳይነሳ ይነጋገሩ።

ሰልባጅም በልብስ ሰፊ እጅ ሌላ ነገር ይሆናል። ሰፊ የወንድ አበባማ ሸሚዝ በጎኑ ሲገባና እጅጌው ሲያጥር ለሴት ይሆናል፤ ደረቱ የማይመጥን ረጅም ቀሚስ ከወገቡ ተቆርጦ ላስቲክ ሲገባበት ጉርድ ይወጣዋል። እንዲህ ያለውን ሲገዙ የልብስ ሰፊውን ዋጋ ደምረው ያስቡ፤ ድምሩ ከአዲሱ ከበለጠ ምክንያት የለውም።

6. አንዱን በብዙ መልክ ይልበሱት

በደማቅ ልብስ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ መታወሱ ነው። ጥቁር ሱሪ በሳምንት ሦስት ጊዜ ቢለበስ ማንም አይቆጥርም፤ ብርቱካናማ አበባ ግን ሁለተኛው ቀን ላይ «ያቺ ቀሚስ» ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ተገቢው መልስም ከአንድ ቀሚስ ይልቅ ጉርድ ወይም ሸሚዝ መምረጥ ነው። አበባማ ጉርድ ከነጭ ሸሚዝ፣ ከጥቁር ሹራብ፣ ከጂንስ ጃኬት ጋር በሦስት ቀን ሦስት ገጽታ ይኖረዋል፤ ቀሚስ ያን ያህል አይለወጥም። ቀሚስ ካለዎት ከላዩ ሹራብ ሲደርቡበት ጉርድ ይመስላል፣ መቀነት ሲያስሩበትም ቅርጹ ይቀየራል። ደግሞም ሰው የእርስዎ ብሎ የሚያውቀው አንድ የሚያምር ልብስ መኖሩ ሊያሳፍር አይገባም።

አብሮት የሚለበሰውን ባለ አንድ ቀለም ልብስ ሲመርጡ በህትመቱ ውስጥ ብዙ ቦታ የያዘውን ቀለም ሳይሆን በጥቂቱ የገባውን ይከተሉ፤ ቀይ አበባ፣ ጥቂት አረንጓዴ ቅጠል ካለ አረንጓዴው ሹራብ ከቀዩ ይልቅ ያረጋጋዋል። ሁለት ህትመት አንድ ላይ መልበስ ከፈለጉ ቢያንስ አንድ ቀለም ይጋሩ፣ አንዱ ቅርጽ ትልቅ ሌላው ትንሽ ይሁን። ቀጭን ጥቁርና ነጭ መስመር ግን ከብዙ አበባ ጋር እንደ ባለ አንድ ቀለም ልብስ ይቆጠራል። የሐበሻ ቀሚስ ሲለብሱ ጥለቱ ራሱ ቅርጽ ያለው ስለሆነ አበባማ ሻርፕ አይጨምሩበት፤ ሁለቱም ይጎዳሉ። በተቃራኒው ነጭ ነጠላ ከደማቅ ቀሚስ በላይ ሲጣል ቀሚሱን ያበርደዋል፤ ለቤተ ክርስቲያንም ለለቅሶ ቤትም ሌላ ልብስ ሳይገዙ መንገድ ይከፍታል። መሥሪያ ቤትዎ ጥብቅ ከሆነ መደቡ ጥቁር ወይም ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ሁለት ቀለም ብቻ ያለበትን ህትመት ይምረጡ።

7. ቀለሙን ጠብቀው ያቆዩት

የተገዛው ልብስ 60 ጊዜ እንዲለበስ ቀለሙ 60 ጊዜ መቆየት አለበት። ገልብጠው፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጊዜያት ለብቻው ይጠቡት። ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ማሳደር ቀለም የሚለቅ ልብስ ላይ ነጩን ክፍል ያበላሻል። በረኪና በጭራሽ አይንካው። «ጨው ወይም ኮምጣጤ ቀለም ያስራል» የሚለው ምክር በፋብሪካ ለተቀለመ ጨርቅ አይሠራም፤ ገንዘብዎንም ጊዜዎንም ይቆጥቡ። የደጋ ፀሐይ ኃይለኛ ስለሆነ ጥላ ውስጥ፣ ገልብጠው ያስጡት። ሲተኩሱም በጀርባው በኩል ይሁን።

ብብቱ ሲሳሳ ወይም ኮሌታው ሲነትብ ልብሱን ለቤት ውስጥ ከማውረድዎ በፊት የታችኛውን ክፍል ይመልከቱ። አበባው ገና ደማቅ ከሆነ ወደ ልብስ ሰፊው ይዘውት ይሂዱ፤ ከቀሚሱ ጉርድ፣ ከጉርዱ የራስ ሻርፕ ይወጣል።